ከፋይ ለባሹና ከፋዩ

‹‹ቶም ሶየር››ን ያነበበ ሁሉ አጥሩን አይረሳም። አክስት ፖሊ ቅዳሜን በመሰለ ቀን ‹አጥሩን ኖራ ቀባ› ብላ ትፈርድበታለች፤ እሱ ሆዬ ቅጣቱን እንደ ትልቅ ወግ አስመስሎ ለሰፈሩ ልጆች ይሸጥላቸዋል። ዩኒቨርሲቲ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን ስለዚህ መጽሐፍ በጠየቅኋቸው ቁጥር መልሳቸው አጥር፣ አጥር፣ አጥር ነበር። ልጁ ለምን እንደተፈረደበት የሚያስታውስ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ከትምህርት ቤት መቅረቱ አንዱ ጥፋቱ ነው፤ ፍርዱን ያጸናበት ግን ልብስ ነው። በተለይም የሌላ ሰው ጃኬት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ አመሻሹ ላይ ቶም መንገድ ላይ የማያውቀው ልጅ ያጋጥመዋል። ልጁ በአዘቦት ቀን ዘንጧል! ሰማያዊ ጃኬቱ አዲስ ነው፣ ግጥም ተደርጎ ተቆልፏል። ሱሪውም አዲስ ነው። አንገቱ ላይ ያሰረው ነገር አለ፤ ይባስ ብሎ ጫማ አድርጓል። ቶም የልጁን ልብስ ባየ ቁጥር የራሱ እየነተበ የሄደ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድብድብ ነው። አንዱ የአንዱን ስም እንኳ ሳያውቅ፣ በጃኬት የተነሣ አፈር ለአፈር ይንከባለላሉ። ቶም ያሸንፋል፤ ቤት ሲገባ ግን ልብሱ የሆነውን አክስቱ ታያለች። አጥሩ የመጣው ከዚህ ነው።

ማርክ ትዌይን ይኼን ያደረገው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቶምን ገና መጀመሪያ የምንተዋወቀውም በጃኬቱ በኩል ነው፤ ሊያመልጥ ሲል አክስቱ ከኋላ ጃኬቱን ጨምድዳ ትይዘዋለች። ወንዝ ወርዶ እንዳይዋኝ የሸሚዙን ኮሌታ በክር ትሰፋበታለች፤ ክሩ ተፈትቶ በሌላ ቀለም መሰፋቱን የሚያሳብቅበት ታናሽ ወንድሙ ሲድ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ ሜሪ ጃኬቱን እስከ አገጩ ትቆልፍለትና ሰፊውን ኮሌታ ትከሻው ላይ ታነጥፍለታለች፤ ልጁ በቁሙ የታሰረ ይመስላል። እንግዲህ ጃኬት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልብስ ብቻ አይደለም። መያዣ ነው፣ መሰለያ ነው፣ ማሰሪያ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1876 ሲሆን (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሚተርከው ከዚያ ሠላሳ አርባ ዓመት በፊት ስለነበረ የሚዙሪ መንደር ነው።

ያቺን ጃኬት አሜሪካኖቹ ‹‹ራውንድአባውት›› ይሏታል። ወገብ ላይ ስትደርስ ዙሪያዋን እኩል የተቆረጠች፣ የአዋቂ ኮት ያለው ጭራ የሌላት አጭር ጃኬት ናት። ከእሷ በፊት የነበረው ‹‹ስኬልተን ሱት›› የሚሉት ጉድ ነው፤ ሱሪው ከጃኬቱ ጋር ወገብ ላይ በቁልፍ ይያያዛል። ሽንቱ የመጣ ልጅ እዚያ ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ይወቀው። ያም ሆኖ ለዘመኑ ነፃነት ነበር ይላሉ፤ ከዚያ ቀደም የነበረው የባለጸጋ ልጅ እኮ አባቱን አክሎ፣ የአባቱን ልብስ በትንሹ ለብሶ የሚታይ ሽማግሌ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ሱሪ ለደረሰ ልጅ ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን የደኅና ቤት ወንድ ልጅ እስከ አምስት ስድስት ዓመቱ ድረስ ቀሚስ ለባሽ ነበር። አንባቢዬ ‹ወንድ ልጅ?› ብሎ እንዳይደነግጥ፤ በኋላ አራት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተመረጠው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884 የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። የሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ነጭ ቀሚስ ለብሷል፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ማንም አልሳቀበትም። ቀሚስ ለሕፃን ይመቻል፣ ለማጠብም ለመቀየርም ይቀላል፣ ልጁ ሲያድግ ጠርዙ ይለቀቅለታል። እኛም አገር ቢሆን ከእጀ ጠባብ በታች ሌላ ነገር ሳያውቅ ያደገ ወንድ ልጅ ሞልቷል። ልዩነቱ እዚያ ቀሚስ ወልቆ ሱሪ የሚጠለቅበት ቀን የቤተሰብ በዓል መሆኑ ነው። ልጁ ከሴቶቹ ወገን ወጥቶ ወደ ወንዶቹ ይሻገራል፤ እናት ታለቅሳለች፣ አባት ደረቱን ይነፋል። ከሱሪው በኋላም ገና ሌላ ድንበር ይቀረዋል፤ ሱሪው ከጉልበት በታች እስኪወርድ እስከ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ዓመት መጠበቅ አለበት። የቁምጣው ዘመን ማለት ነው።

አሁን ወደ አጥሩ ልመለስ። ቶም ኖራ መቀባት ሲጀምር አስቀድሞ ብቅ የሚለው ጂም ነው። ጥቁር ልጅ ነው፤ አክስት ፖሊን በሚጠራበት አጠራር ባሪያዋ መሆኑ ይገባናል። ውሃ ሊቀዳ እየሄደ ነው። ትዌይን ባልዲው ከቆርቆሮ መሠራቱን ይነግረናል። የሚያንጎራጉረውን ዘፈን በስሙ ይጠራልናል። ጂም ምን እንደለበሰ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። የማይታወቀውን ልጅ ከቆብ እስከ ጫማ አልብሶልናል፤ ቶምን አልብሶልናል፤ የሰካራሙን ልጅ ሃክልቤሪን እንኳ ተረከዙ ላይ በሚደርስ የአዋቂ ልባሽ ኮት አልብሶልናል። ጂም ብቻ ባዶውን ባልዲውን ይዞ ያልፋል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቺን ገጽ ሳነብ ይቺ ዝምታ ናት የምትቆረቁረኝ። ትዌይን ክፉ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ‹‹ሃክልቤሪ ፊን››ን የጻፈው እሱው ነው። ዓይኑ ግን የጃኬት ዓይን ነበር፤ ጃኬት የሌለበት ቦታ የሚያርፍበት አላገኘም። ክፍተቱን የሚሞላልን ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሜሪላንድ ባሪያ ልጆች በዓመት የሚሰፈርላቸውን ልብስ ይቆጥርልናል፤ ሁለት ሻካራ ሸሚዝ። አለቀ። ጫማ የለ፣ ካልሲ የለ፣ ጃኬት የለ፣ ሱሪ የለ። ሁለቱ ሸሚዞች ከተቀዳደዱ እስከሚቀጥለው የስፍር ቀን ራቁት መሄድ ነው፤ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሆናቸው ወንዶችም ሴቶችም በክረምት በበጋ ከሞላ ጎደል እርቃናቸውን ይታዩ እንደነበር ጽፏል።

ዳግላስ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ወደ ባልቲሞር ሊላክ ነው ተባለ። የጌታው ልጅ ወይዘሮ ሉክሬሺያ የእግሩንና የጉልበቱን ቆሻሻ ፍቆ ካልጨረሰ እንደማይሄድ አስጠነቀቀችው፤ ከጨረሰ ደግሞ ሱሪ እንደምትሰጠው ነገረችው። ልጁ ወንዝ ወርዶ ቆዳውን ሲፈገፍግ ከረመ። ሱሪ ሊኖረው ነዋ! እንግዲህ የባለጸጋውን ልጅ የሱሪ በዓልና ይኼንን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሪ ሊያጠልቁ ነው። አንዱን ሱሪው ወደ አባቱ ወገን ያሻግረዋል፤ ሌላኛው ግን ሱሪ ያገኘው ከአንድ ጌታ ቤት ወደ ሌላ ጌታ ቤት ስለሚዛወር ነው።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ደግሞ አለ። ቨርጂንያ ውስጥ በባርነት ተወልዶ፣ ነፃነት ሲታወጅ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። በ1901 በወጣው መጽሐፉ ስለ አንድ ሸሚዝ ይተርካል። ከተልባ ጭረት የተሠራ፣ ያውም ከተልባው እንክትካች፣ ለባሪያ በርካሽ የሚሆን ሸሚዝ ነው። አዲስ ሲሆን ገላን እንደ እሾህ ይወጋል፤ እሱ ጥርስ ከመነቀል ጋር ያመሳስለዋል። እኛ ‹የተልባ እግር› ስንል ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የካህናትን ልብስ ነው፤ የአልዓዛር ጎረቤት የነበረው ባለጸጋ የሚያጌጥበትን ነው። ተልባ ያው ተልባ ነው፤ ለማን እንደተፈተለ ነው የሚለየው። እናላችሁ፣ ታላቅ ወንድሙ ጆን የትንሹን ሥቃይ አይቶ አዲሱን ሸሚዝ ለጥቂት ቀናት ራሱ እየለበሰ ያለሰልስለት ነበር። ይኼ ነገር የተጻፈው በሦስት አራት መስመር ነው፤ ጌጥ የለውም። ስለ ልጆች ልብስ ካነበብኩት ሁሉ ግን ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የልጆች ጃኬትም ዘመተ። በ1861 ኤልመር ኤልስወርዝ የሚባል ወጣት ኮሎኔል፣ የሊንከን ወዳጅ፣ የኒው ዮርክ እሳት አጥፊዎችን ‹‹ዙዋቭ›› አልብሶ አዘመተ፤ ብዙም ሳይቆይ ቨርጂንያ ውስጥ ተገደለ፣ ስሙም የጀግና ስም ሆነ። እናቶችም ለልጆቻቸው ዙዋቭ ማሰፋት ያዙ። ኮሌታ የለውም፣ አንገት ላይ ብቻ ይያያዝና ፊቱ ወደ ጎን እየከበበ ይከፈታል፣ ጠርዙ ሁሉ በጥልፍ ተከቧል። ሥረ መሠረቱን ብትጠይቁ አፍሪካ ነው። ፈረንሳዮች በ1830 አልጄሪያን ሲወሩ ከዝዋዋ በርበሮች ወታደር መለመሉ፤ ጃኬቱም ስሙም ከእነሱ ተወሰደ። እንግዲህ የቦስተን ልጅ የአፍሪካ ተራራ ሰው ጃኬት ለብሶ በእንጨት ሰይፍ ሲጫወት፣ ደቡብ ያለው የአፍሪካ ልጅ በአንድ ሸሚዝ ነበር። ይኼን ያስተዋለ የዚያ ዘመን የፋሽን መጽሔት ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሰፊዎቹም አልተኙም። ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር በ1851 የስፌት መኪናቸውን ፈቃድ አውጥተው ነበር። ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል የማሳቹሴትስ ልብስ ሰፊ ደግሞ በ1863 በየመጠኑ የተቆረጠ የወረቀት ልክ መሸጥ ጀመረ፤ ቶሎ ከተቸበቸቡለት መካከል የጣሊያኑን የጋሪባልዲን የጦር ልብስ የሚመስል የወንዶች ልጆች ልብስ አንዱ ነው። እናት ወረቀቱን ጨርቅ ላይ ዘርግታ ትቆርጣለች፣ ልጇን ትንሽ ጋሪባልዲ ታደርገዋለች። ዝግጁ ልብስ የሚሸጡት ደግሞ ለልጅ በቁመት ሳይሆን በዕድሜ መሸጥ አመጡ፤ ለስድስት ዓመት፣ ለስምንት ዓመት። ልጅህ ከዕድሜው ልብስ ከሰፋ ወይ ካነሰ እንግዲህ ጥፋቱ የልጅህ ነው።

የሆራሺዮ አልጀር ‹‹ራግድ ዲክ›› የመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ በ1867 በተከታታይ፣ በ1868 በመጽሐፍ። ዲክ የኒው ዮርክ ሊስትሮ ነው። የተቀዳደደ ኮቱን ጄኔራል ዋሽንግተን በአብዮቱ ጦርነት የለበሰው ነው እያለ፣ ሱሪውንም ከሉዊ ናፖሊዮን የተላከልኝ ነው እያለ ይቀልዳል። እዚህ ላይ ዲክ የሚያስቀና ልጅ ነው፤ ድህነቱን በአፉ ይለብሰዋል። ከዚያ አንድ ደግ ባለጸጋ ገላውን እንዲታጠብ አድርጎ ሙሉ ልብስ ይሰጠዋል። ዲክ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አያውቀውም። ከዚህ ገጽ ጀምሮ መጽሐፉ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ልጁ ይቆጥባል፣ ይማራል፣ ደመወዝተኛ ይሆናል፤ ቀልዱ ግን ከአሮጌው ኮት ጋር እየወለቀ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የዋሽንግተን ኮትና የናፖሊዮን ሱሪ በሌባ ይወሰዳሉ፤ አልጀር ይኼን እንደ ምሥራች ይነግረናል። እኔ ግን ሌባው መጽሐፉን ይዞ የሄደ ነው የሚመስለኝ። ደራሲው ሙሉ ልብስ ሰው ያደርጋል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ ያመነበትን ደግሞ በመቶ መጽሐፍ ቢደግመው አይሰለቸውም።

በልብስ ሰው ማድረግን እስከ መጨረሻው የወሰዱት ግን ደራሲዎች አይደሉም። በ1879 ፔንስልቬንያ ውስጥ ካርላይል የተባለ የቀይ ሕንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሥራቹ ሪቻርድ ፕራት መኮንን ነው። ልጆቹ እንደገቡ ጸጉራቸው ይቆረጣል፣ ልብሳቸው ይወልቃል፣ ወንዶቹ በወታደር አምሳል የተሰፋ ጃኬት ይለብሳሉ። ከዚያ ‹ያኔ› እና ‹አሁን› የሚሉ ፎቶግራፎች ይነሣሉ። ቶም ቶርሊኖ የተባለ የናቫሆ ወጣት በ1882 ሲገባና ሦስት ዓመት ቆይቶ የተነሣቸው ሁለት ምስሎች እስከ ዛሬ ይዞራሉ። በመጀመሪያው የጆሮ ጌጥና የአንገት ጌጥ አለው፤ በሁለተኛው ኮት፣ ክራቫት፣ ወደ ጎን የተበጠረ ጸጉር። ዲክ መስታወት ፊት የቆመባት ያቺ ገጽ ናት እንግዲህ፤ ቶርሊኖ ግን ሙሉ ልብሱን የለመነ ሰው አልነበረም።

ወደ ከፋዩ ልምጣ። ከፋይ የምንለው ያንን ለስላሳ፣ አንጸባራቂ፣ የመኳንንት ካባ የሚሠራበትን ጨርቅ ነው። አማርኛችን ተንኮለኛ ስለሆነ ጨርቁንም ገንዘብ አውጪውንም በአንድ ፊደል ይጽፋቸዋል።

ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት ማንቸስተር ተወልዳ፣ ቤተሰቧ ደኽይቶ በ1865 ወደ ቴነሲ የተሰደደች ሴት ናት። ብዕሯ ነው ያኖራት። ‹‹ትንሹ ሎርድ ፎንትለሮይ››ን ‹ሴንት ኒኮላስ› በተባለ የልጆች መጽሔት ላይ በ1885 ጀምራ በ1886 ጨረሰች፤ በዚያው ዓመት በመጽሐፍ ወጣ። ኒው ዮርክ ውስጥ ከእናቱ ጋር በችግር የሚኖር ሴድሪክ የሚባል ልጅ የእንግሊዝ መስፍን ወራሽ ሆኖ ይገኛል፤ በደግነቱም ክፉውን አያቱን ይለውጣል። መጽሐፉ እንደሚታማው አይደለም። ሴድሪክ ከባለሱቁ ከሚስተር ሆብስ ጋር ስለ ዲሞክራሲ የሚከራከርበት ቦታ ያስቃል። ወዳጁ የሆነው ሊስትሮም ዲክ ነው ስሙ! የአልጀርን ዲክ ላነበበ ፈገግ ያሰኛል። ደካማነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አልጀር ልብስ ሰው ያደርጋል ሲል በርኔት ደግሞ ደም ልብስ ይመርጣል ትላለች። ሴድሪክ የሎርድ ልጅ ስለሆነ ሁሉም ያምርበታል፤ ዲክ ለቁም ነገር ቢደርስም ያው ረዳት ነው።

ጥቁር ከፋይ ልብስና የዳንቴል ኮሌታ መጽሐፉ ውስጥ ጥቂት መስመር ነው የሚይዘው። ጉዱን ያመጣው ሠዓሊው ሬጂናልድ በርች ነው። ከፋይ ጃኬት፣ ከጉልበት የሚያዝ ከፋይ ሱሪ፣ ትከሻ የሚሸፍን ዳንቴል፣ የተጠቀለለ ረጅም ጸጉር። ኦስካር ዋይልድ በ1882 አሜሪካን ሲዞር በከፋይ ጃኬትና በአጭር ሱሪ ነበር የሚታየው፤ ስለዚህ ዓይኑ ተለማምዷል። ከ1886 በኋላ ግን አቅሙ ያላትም ሆነ የሌላት እናት ልጇን ፎንትለሮይ ታደርገው ጀመር። በ1888 ትያትሩ ብሮድዌይ ላይ ሲወጣ ሴድሪክን የተጫወተችው ኤልሲ ሌዝሊ የተባለች ትንሽ ልጅ ናት፤ በ1921 ፊልም ላይም ሜሪ ፒክፎርድ ልጁንም እናቱንም ሆና ሠርታለች። ይኼ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ያ ልብስ ለወንድ ልጅ የተሰፋ አልነበረም፤ እናት ስለ ልጇ ላላት ሕልም የተሰፋ ነው። ሕልሙ ያማረ ነው፣ እሺ። የሚለብሰው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ለብሶም ሰፈሩ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ቶም ሶየር አለ። በየመዋዕለ ሕፃናቱ የምረቃ ቀን የአምስት ዓመት ልጃችንን በሱፍና በክራቫት አፍነን ፎቶ የምናስነሣ ወላጆች ይቺን ብናስባት አይከፋም።

የዚያኑ ዘመን ቁምጣ ማን ይሰፋው እንደነበር ለማወቅ ደግሞ ጄከብ ሪስን ማንበብ ነው። በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ የኒው ዮርክን ምሥራቃዊ ድሃ ሰፈር ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል። ሉድሎው ጎዳና ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል። ወንዶችና ሴቶች ተፋፍገው በመኪና የወንዶች ልጆች ቁምጣ ይሰፋሉ። በዚያው ክፍል አሥር መኪና ቆጥሯል፤ ከንጋት እስከ ሌሊት ሦስት ሰዓት ሠርተው በሳምንት 120 ደርዘን ያወጣሉ፣ ፋብሪካው ለደርዘኑ 70 ሳንቲም ይከፍላል። በሉድሎው ጎዳናው ክፍል ከሚሰፉት መካከል አንድ ልጅ አለ። ማንም ሳይጠይቀው ‹አሥራ አምስት ዓመቴ ነው› ይላል፤ ሪስም መዋሸቱን ያውቅበታል። ያቺን ዕድሜ እየጠራ የሚሰፋው እንግዲህ ዕድሜው ለቁምጣ ለሆነ ልጅ ነው። በልብሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜና ልጁ የዋሸው ዕድሜ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል።

በርኔት ለሴድሪክ አርዓያ ያደረገችው ትንሹን ልጇን ቪቪያንን ነው። ከፋዩንም ለልጆቿ በገዛ እጇ ትሰፋ ነበር። ታላቁ ሊዮኔል በ1890 በሳምባ ነቀርሳ ፓሪስ ውስጥ ሞተባት። ቪቪያን አደገ፣ ሃርቫርድ ገባ፣ ጋዜጠኛ ሆነ፣ የእናቱን የሕይወት ታሪክም በ1927 አሳተመ። የሄደበት ሁሉ ግን ከስሙ አስቀድሞ የሚደርሰው ያ ዳንቴል ነበር። በ1937፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ሎንግ አይላንድ አጠገብ ባሕር ላይ በጀልባው ሲሄድ የተገለበጠ ጀልባ አየ። አራት ሰዎች እንዲተርፉ ረድቶ እዚያው ልቡ ቆመ። ጋዜጦቹም ‹የመጀመሪያው ፎንትለሮይ ሞተ› ብለው ዘገቡ።